ለአሶሳ የተያዘችው ቦታ

ሰኔ 24 ቀን 1978 ዓ.ም.

እናንተዬ፣ አውሮፕላኑ ዛሬ ገባ!

ይኸው፣ ገና ከመጀመሬ ለዓምዴ አንባቢዎች የማወራ መሰለኝ። ደብተር ነው ይሄ፣ ብዙወርቅ። እናንተዬ የምትያቸው ሰዎች እዚህ የሉም።

ይዞልኝ የመጣው ደብዳቤ የመጽሔታችን አዘጋጅ የበቃሉ ነው። የድሮዎቹን የወንጀል ምርመራ ታሪኮች መንገድ የተከተሉ አጫጭር ልብ ወለዶች ሰብስቦ በአንድ መድበል ሊያሳትም ነው። ከየአካባቢው አንድ ድርሰት፣ አንድ ብቻ። «ለአሶሳ አንዲት ቦታ ይዣለሁ። ከሰፈራው ኑሮ የተቀዳ ቢሆን ደስ ይለኛል። እዚያ ከሚጽፉት፣ የራስሽንም ጨምሮ፣ የተሻለውን መርጠሽ ላኪልኝ» ይላል።

የራስሽንም ጨምሮ! «ሰማሁ ብዬ» የምትለውን ገጼን ሴቱ በመሥሪያ ቤት፣ ወንዱ በፀጉር ቤት እየተሻማ ሲያነብልኝ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ «ጨምሮ» ተባልኩ። ለሰፈራው ማስተባበሪያ በሕዝብ ግንኙነት ተመድቤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ እንኳ አንድ ወር አላጓደልኩበትም። ግን እውነቱን ልናገር ካልኩ መጽሔት ይነበብና ስኳር ይጠቀለልበታል። መጽሐፍ ላይ ስሜ ወጥቶ አያውቅም። ይህችን ቦታ እፈልጋታለሁ። ለማንም ስለማልናገረው እዚህ ልጻፈው፤ በጣም እፈልጋታለሁ።

ደግሞስ እዚህ አገር ማን ይጽፋል? እኔና የሺሀረግ ብቻ ነን። የሺሀረግ የሰፈራው መንደር የአምባ ስምንት መምህርት ናት። ከወሎ ከሰፋሪዎቹ ጋር እናቷን ይዛ መጣች፤ ደሴ ሳለችም አስተማሪ ነበረች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ከካርቶኔ የምርመራ ታሪክ መድበሎቼን ትዋሳለች። እንግሊዝኛውንም ትርጉሙንም አንብባ ጨረሰችው። እኔ ያስለመድኳት ልጅ ናት።

በቃሉ እንደ ልማዱ ሕግ አውጥቷል። ድርሰቱ ከመላኩ በፊት ሰው ተሰብስቦ ይነበብለት፤ ማን እንደጻፈው አይነገር። መጨረሻው ሊደርስ ሲል ይቁምና አድማጩ ጥፋተኛውን ይፈልግ። ቶሎ ካገኙት ድርሰቱ ወደቀ። ጨርሶ የሚይዙት የሚጨብጡት ካጡም ወደቀ። አንባቢው ራሱ የመጨረሻዋን ገጽ ማየት የለበትም፣ ድምፁ ያሳብቅበታላ! የሚያነብልን የሻው ነው፤ እሱም የአምባ ስምንት መምህር ነው፣ ድምፅ ከተባለ የእሱ ነው። የመጨረሻዎቹ ገጾች እኔ ዘንድ ይቀመጣሉ።

ሰኔ 26

ስጽፍ ዋልኩ። ኢንስፔክተሬ ባርኔጣ አለው። ቪላ ቤት። ሀብታም መበለት። መርዝ በሻይ። አምስት ተጠርጣሪ። ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ኢንዓም በሩ ላይ መጥታ ቆመች። አማርኛዋን ከገበያ ነው የለቀመችው፣ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ላይ ታስኬደዋለች።

«አንተ ዛሬም አልበላም? ወላሂ ይታመማል።»

«ሰው እየገደልኩ ነው፣ ኢንዓም።»

«መስኪን» አለች። «ቶሎ ጨርስና ብላ።»

ሰኔ 29፣ እሁድ

ተነበበልኝ። ከተነበበ አይቀር ልጻፈው።

የአምባ ስምንት አዳራሽ ሞልቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ቢደበድበውም የሻው ድምፁን ከፍ አድርጎ በደንብ አነበበ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ገና መበለቲቱ ሻዩን ፉት ስትል ከኋላ አንዷ «የወንድሟ ልጅ ነው» አለች። ሁሉም «እንዴታ! እሱ ነው» አሉ። እሱ ነው።

የሻው ግን ጨዋ ነው፣ አላቋረጠም። እነሱ ደግሞ ሌባ መፈለጉን ትተው ወደ ሌላ ነገር ገቡ።

«ሴትዮዋ ስትሞት ማን አለቀሰላት? ለቅሶ የለም እንዴ በዚያ አገር?»

«ባርኔጣውን ቤት ውስጥ ምን አስደረገው? ያፈሳል እንዴ ጣሪያው?»

ሳቁ! ከጀርባዬ የሺሀረግም ሳቀች። ሳቋን ከሺህ ሰው ሳቅ እለየዋለሁ።

በመጨረሻ የአምባው ሽማግሌ ሼህ እንድሪስ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ይሄ ፖሊስ አምስቱንም ጠየቀ፣ ጠየቀና በሉ ወደየቤታችሁ አላቸው። አጥፊው ሳይወጣ ወደየቤት? ይሄ ምን ዓይነት ምርመራ ነው? በእኛ አገር አውጫጭኝ ከተቀመጥን አገሩ በሙሉ አንድ ቦታ ይዋል ይደር ነው። ጥፋተኛው ሳይታወቅ የወለደች አራስ እንኳ አትወጣም።»

ስንወጣ የሺሀረግ ክንዴን ያዘችኝ። የደራሲውን ስም ስለምታውቅ ታጽናናኛለች ብዬ ነበር። ዓይኗ ግን ሌላ ቦታ ነው።

«እታለም ብዙ፣ የሼህ እንድሪስን ነገር ሰማሽው?»

«ሰማሁ።»

«አንድ ቦታ ተዘግቶባቸው… ማንም ሳይወጣ…» አለችና ጥፍሯን እየበላች ሄደች።

ሐምሌ 3

የሺሀረግ መጽሐፍ መለሰችልኝ፤ ሌላ አልወሰደችም። «አሁን ካነበብኩ የራሴ ይጠፋብኛል» አለች። ጀምራለች ማለት ነው።

የእኔ ድርሰት ባይነበብ ኖሮ ሽማግሌው አይናገሩም። እሳቸው ባይናገሩ እሷ አትጀምርም። መጽሐፎቹም የእኔ ናቸው።

ሐምሌ 9

አመጣችው። «ከመነበቡ በፊት አንቺ እይልኝ» ብላ።

ደህና ነው። ትንሽ ይረዝማል።

በኋላ። ሁለተኛ አነበብኩት። የአምባው የጋራ ራዲዮ ይጠፋል። ሽማግሌዎች ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስበው አውጫጭኝ ያስቀምጡታል፤ እያንዳንዱ ይምላል፣ ያየ ሰው በስውር ለሽማግሌው ይናገራል። የመድበሎቹ ሰዎች በበረዶ የተከበበ ትልቅ ቤት ውስጥ ይዘጋባቸው የለ? እሷ በራችን ላይ ያለውን ልማድ አንሥታ ያንኑ አደረገችው። ባርኔጣ የለ፣ ኢንስፔክተር የለ። ሌባው ሰብሳቢው ሽማግሌ ራሱ ነው። ፍንጩ ሁሉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አልደረስኩበትም ማለት ግን አይደለም። ጠርጥሬ ነበር።

ሦስተኛ ጊዜ ያነበብኩት ስህተት ፍለጋ ነው።

«እንዴት አገኘሽው?» ስትለኝ «ደህና ነው፣ ትንሽ ማሳጠር ነው» አልኳት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እታለም» አለችና ከልቧ አመነችኝ።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

ከየት ልጀምር።

የሻው ማንበብ ሲጀምር ልጅ የሚያለቅስበት፣ የሚያስል፣ የሚያንኮራፋ ነበር። ራዲዮው ከጠፋ በኋላ ግን ልጆቹም ዝም አሉ። የድርሰቱ ሽማግሌ የሌባውን ስም ሊናገር ከመቀመጫው ሲነሣ የሻው ወረቀቱን አጠፈ። «እዚህ ላይ ያበቃል። ሌባው ማነው?»

ሼህ እንድሪስ ብቻ ተነሥተው፣ ወንበራቸውን እየጎተቱ ሄደው በሩን ዘጉና ተደግፈውት ተቀመጡ።

«እንግዲህ ማንም አይወጣም።»

መጀመሪያ ሳቅን። ሽማግሌው ግን አልሳቁም።

«ኧረ እኔ የባምባሲ ሰው ነኝ!» አለች ብሪቱ የምትባለው ነጋዴ፣ ዝናብ ልትጠለል ገብታ ነው የተያዘችው። «ሽንኩርት ልሸጥ ነው የመጣሁት!»

«ሽንኩርቱም ይቀመጥ» አሏት።

«ሼህ፣ ራዲዮው እኮ ወረቀት ላይ ነው ያለው» አለ የሻው።

«ወረቀት ላይስ ቢሆን፣ የጠፋ ጠፍቷል። በሉ ከዚያ ጥግ እንጀምር።»

እናንተዬ፣ ማሉ! ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየተነሣ፣ በሌለ ራዲዮ፣ አላየሁም አልሰማሁም እያለ በቁርአኑም በማርያምም ማለ። አንዳንዱ «ሌባው ዕቃ ቤቱ ነው» ይላል፣ ሌላው «አይ፣ ዘበኛው ነው» ይላል። ይከራከራሉ፣ ፍንጩን ያነሣሉ ይጥላሉ፣ ጫፉን ይነኩታል፣ ግን አይይዙትም። በቃሉ የሚፈልገው ይሄንኑ ነው።

ተራው ይመር የሚባለው ገበሬ ላይ ደረሰ። ቆመ። ቆቡን አውልቆ አሻሸው።

«ራዲዮውን ወላሂ አላየሁም። ግን… የዘምዘምን ዶሮ ጅብ አልበላትም። እኔ ነኝ የበላኋት።»

አዳራሹ ተናወጠ። ዘምዘም ከመቀመጫዋ ዘልላ ተነሣች። «ክረምት ከገባ ጀምሮ ጅቡን ስረግም! አንተ ደግሞ አጠገቤ ቆመህ አሜን ስትል!»

«ምን ላድርግ፣ እናቴ ታማ ነበር፣ መረቅ አማራት።»

«ታዲያ ንገረኝና ልስጥህ አልነበር!» ብላ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ። ሼህ እንድሪስ በሩን ከፈቱት። ሰው ዓይኑን እየጠረገ፣ እየሳቀ፣ ማን እንደጻፈው እየተጠያየቀ ወጣ። ለእኔ መበለት ማንም አላለቀሰላትም።

የመጨረሻዋ ገጽ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። የሺሀረግ እጄን ጨበጠችኝ፣ መዳፏ በላብ ርሷል። «እታለም፣ አየሽ? አየሽ?»

«አየሁ» አልኳት።

ሐምሌ 14

ኢንዓም ከገበያ ገባች። «ሱቁ ሁሉ ራዲዮ፣ ራዲዮ ይላል። ራዲዮ ማን ሰረቀ ይላል። ይሄ ወሬ ማን ጻፈ? አንተ ነው?»

ደብተሬን ከደንኩ።

«አንተ ጎበዝ ነው!» ብላ ትከሻዬን መታችኝ።

አይደለሁም ልላት አፌን ስከፍት ወደ ማድቤቷ ገብታ ነበር።

ሐምሌ 17

ተጣድፌያለሁ። ጓድ ታረቀኝ ቢሮ ሄጄ ነበር፣ የአምባው የፓርቲ ተጠሪ። ስለ በቆሎው ዜና። እሱ ግን ከእሁድ ጀመረ።

«በር ዘግተው አውጫጭኝ ተቀመጡ አሉ። በሠፊው ሕዝብ አዳራሽ የፊውዳል ሸንጎ!»

«ኧረ ጓድ፣ ድርሰት ነው እኮ!»

«የማን ድርሰት?»

ነገርኩት። ያመሰገንኳት ነው። «የሺሀረግ ጎበዝ ልጅ ናት» ነው ያልኩት፣ በዚሁ ቃል። ታሪኩ ምንድን ነው አለኝ። ሻይ አስመጣልኝ። እኔ ደግሞ ወሬ ከጀመርኩ መቼ ማቆም እችላለሁ። እንዲያው ባጭሩ ነው የነገርኩት።

ሲጽፍ አየሁት መሰለኝ። ወይም እስክሪብቶውን እያጫወተ ነበር።

ያመሰገንኳት ነው።

ሐምሌ 22

የሺሀረግን ጠሯት። ግምገማ እስኪደረግባት ድረስ የክረምቱን መሠረተ ትምህርት ማስተማሯ ቆሟል። አዳራሹም ለንባብ ተከልክሏል።

ሥራ በዝቶብኛል።

ሐምሌ 25

የሺሀረግ መጣች፤ ጃንጥላዋ ተሰብሮ በስብሳለች። ፎጣ ሰጠኋት። ፀጉሯን እያደረቀች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ፤ እሷ ግን ወገቧን አቃንታ «እንደ መድበሎቹ እንሥራው» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ማን እንደነገረብኝ። የእኔ ድርሰት መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? እኔ። አንቺ። የሻው።» በጣቷ ትቆጥራለች። «እኔ ራሴን አልከሰስኩም።»

ሻይ ለመቅዳት ተነሣሁ።

«ጓድ ታረቀኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ሰብሳቢው ራሱ ሌባ ነው ብለሽ የጻፍሽው፣ ሰብሳቢ ስትዪ ማንን ነው?› አለኝ። ፊቱ እንደ በርበሬ።»

«ምን አልሽው?»

«ሽማግሌ ነው የጻፍኩት፣ እርስዎ ገና ወጣት ነዎት አልኩት።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን አተኩራ አየችኝ። «የሻው ይሆን እንዴ፣ እታለም?»

«ሰው አይታወቅም» አልኳት።

እሱ ነው አላልኩም። ሰው አይታወቅም ነው ያልኩት፤ ይሄ ደግሞ ውሸት አይደለም። ማንም የሚለው ነገር ነው።

ሻይዋን ጠጣች። መጽሐፍ አውሺኝ አለች፣ አዋስኳት። ስትወጣ በሩ ላይ ሳመችኝ።

ሐምሌ 28

የሻውን መንገድ ላይ አገኘሁት። «እትዬ ብዙወርቅ፣ የአምባው ሰው እያየኝ ይንሾካሾካል። አንባቢው ነው የተናገረው ይላሉ አሉ። እኔ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። «ወሬ ነው፣ ያልፋል» አልኩት። ስለ ወሬ ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ።

ወደ ማታ ደግሞ የሺሀረግና እሱ በአንድ ጃንጥላ ሲሄዱ አየኋቸው። እየሳቁ። ትጠረጥረው የለም እንዴ? ሰው የከዳውን ሰው ጃንጥላ ሥር ምን ይሠራል? አልገባኝም።

ነሐሴ 2

የእኔን ድርሰት አሻሻልኩት። የኢንስፔክተሩን ባርኔጣ አወለቅኩ። ለመበለቲቱ ለቅሶ አስቀመጥኩላት። አልቃሾቹም አላዘኑላትም።

ቢሆንም አሽጌዋለሁ። አንዲት ቦታ ናት፣ ባዶዋን ከምትቀር የአሶሳ ሰው ይግባባት። የሺሀረግ አሁን በዚህ ሁኔታዋ ልትልክ አትችልም፤ ይህን ደግሞ እኔ አይደለሁም ያመጣሁት።

ደመናው ወርዷል፣ አውሮፕላን የለም። ፖስታው ጠረጴዛው ላይ ነው። በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያየኛል።

ነሐሴ 6

ወደ መተከል ሊያዛውሯት ነው አሉ። እናቷን ለብቻዋ አምባ ስምንት ጥላ።

የምትዛወረው በእኔ ይመስል እህል አልወርድ አለኝ። ኢንዓም ሳህኑን እንዳለ ስታነሣ ቆመች።

«የሺሀረግ ምን አደረገ?»

«ምንም። ጥሩ ድርሰት ጻፈች።»

«አንተስ ምን አደረገ?»

«እኔማ አመሰገንኳት።»

ኢንዓም ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሰው አመስግኖ እንዲህ ይከሳል?»

ቅናት ነው ብዬ እዚህ ብጽፈው ምን ይሆናል? ይኸው ጻፍኩት። ቅናት ነው። ሕዝብ ግንኙነት ነኝ፣ ሰው ይወደኛል፣ ገበያ ስወጣ ሰላምታው አያሳልፈኝም፤ በሃያ አምስት ዓመት ልጅ ግን እንዲህ ሆንኩ። ካርቶኑን ባልከፍትላት ኖሮ!

ነሐሴ 11፣ እሁድ

የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናቡ አባርቶ ግቢው ውስጥ ተቀምጫለሁ። የሺሀረግ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች። ድርሰቷ ነው፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ የተገለበጠ፣ ከመጨረሻዋ ገጽ ጋር።

«በስምሽ ላኪው» አለችኝ።

«ምን?»

«በእኔ ስም አይሄድም። እኔ መተከል ከሄድኩ ደግሞ ወረቀቱ የት እንደሚደርስ አላውቅም። ከሚሞት በአንቺ ስም ይኑር።»

በስሜ! እኔ፣ ብዙወርቅ!

«ለምን ለየሻው አትሰጪውም?» አልኳት።

«የሻው ይጥለዋል። ለሰው ያውሰዋል፣ ዝናብ ያስመታዋል። እሱ ድርሰቱን ወዶታል፣ በቃ። አንቺ ግን…» ዝቅ ብላ የቀሚሷን ጭቃ አራገፈች። «እታለም፣ የነገርሽው አንቺ ነሽ።»

ላስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ቀጠለች።

«ጓድ ታረቀኝ ሌባው ሰብሳቢው መሆኑን ያውቅ ነበር። አዳራሹ ያንን አልሰማም። የሻው የመጨረሻዋን ገጽ አላያትም። ያነበብሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«እዚያው ቢሮው ውስጥ፣ እንደጠየቀኝ።»

«ታዲያ የሻው ይሆን እንዴ ያልሽኝ?»

«ምን እንደምትዪ ላይ ብዬ። ሰው አይታወቅም አልሽ።»

ያመሰገንኩሽ ነው ልላት ነበር። አፌ ውስጥ ደርሶ ነበር። ፊቷን ሳይ ዋጥኩት።

«ይህን እያወቅሽ ነው ለእኔ የምታመጪው?» አልኳት። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

«ሌላ ማን አለኝ? በዚህ አገር ጥሩ መሆኑን በእርግጠኛነት የምታውቂው አንቺ ነሽ። ባይሆን አትቀኚም ነበር። የቀናሽበትን ነገር ደግሞ አትጥዪውም።» ተነሣች። «ተናድጄብሻለሁ። እናቴ በአንቺ ምክንያት ታለቅሳለች። ግን ድርሰቱን ጠብቂልኝ።»

ሻይ እንኳ አልጠጣችም። ላስቲኩ ጭኔ ላይ ቀረ።

ነሐሴ 12

ቢሮ ገብቼ በሩን ቆልፌ በጽሕፈት መኪና መተየብ ጀመርኩ። ቃል በቃል። ሰባተኛው ገጽ ላይ አንድ ደካማ ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ! ሦስት ቃል ቢወጣለት ይቃናል። እንዳለ ልተወው አልኩ፤ አንድ እንኳ ይጉደላት። ወረቀቱን አወጣሁት፣ መልሼ አስገባሁት። ከዚያ ሦስቱን ቃላት አወጣኋቸው።

መጨረሻ ላይ የስም ቦታ አለ። ብዙወርቅ ብዬ ተየብኩ፣ እንዳለችኝ። አየሁት። ከድርሰቱ ሥር ስሜን ሳየው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። በቀናሁባት ልጅ ፋንታ በራሴ ስም ቀናሁ፤ ይህችን ድርሰት የጻፈች ብዙወርቅ የምትባል ሌላ ሴት ያለች መስሎኝ ጠላኋት። ወረቀቱን ጎትቼ ቀደድኩት።

ሳንሱር ያሳለፈውን ጽሑፍ የአምባ ተጠሪ ሊነካው አይደፍርም። በዚህ ሙያ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ይህን ካወቅኩት ቆይቷል። ይህን ሁሉ ሳምንት ለምን አልነገርኳትም? እዚህም ላይ ምክንያት ለመጻፍ ሞከርኩ፤ የሚያሳምን አላገኘሁም።

ነሐሴ 13

አምባ ስምንት ሄድኩ። የሺሀረግ ደጃፍ ላይ ነበረች፣ ግቢ አላለችኝም። እዚያው ቆሜ ተናገርኩ፦ «በራስሽ ስም ይሂድ። ሳንሱር ካለፈ ማንም አይነካሽም። ካላለፈ ግን ይብስብሻል። ምርጫው የአንቺ ነው።»

«አንቺ ብትሆኚ?»

«እኔ በዚህ ነገር አልመክርም። ምክሬ ምን ዓይነት እንደሆነ አይተሻል።»

«በስሜ ላኪው» አለች።

ከዚያ ጓድ ታረቀኝ ቢሮ ገባሁ። የታወቅኩበትን ሥራዬን ሠራሁ፤ ወሬ አወራሁ። ድርሰቱ አዲስ አበባ ለሳንሱር እየተላከ መሆኑን፣ ላይኞቹ ሊያዩት መሆኑን፣ ካለፈ ደግሞ አምባ ስምንት በመጽሐፍ ላይ በስም እንደሚወጣ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ላይኞቹ?»

«ላይኞቹ፣ ጓድ። ባለፈው ግን እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የልጅቱን ድርሰት ለእርስዎ ስነግር ከእርስዎ ጋር እንደሚገናኝ አስመስዬ ነው የነገርኩት። አይገናኝም።»

«ዝውውሩ ለጊዜው ይቆይ» አለ። ለእኔም ከእንግዲህ ሻይ የሚያስመጣልኝ አይመስለኝም፤ ሲሸኘኝ አልተነሣም።

ነሐሴ 16

አውሮፕላን ገባ። ላክሁት። አንድ ፖስታ ብቻ። የእኔን ፖስታ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ልቀደው ነበር፣ አሳዘነኝ። መበለቲቱ በቂ ሞታለች።

ጳጉሜ 3

ቴሌግራም ከበቃሉ! «ሳንሱር አልፏል። ሁሉንም ይበልጣል። መድበሉ በእሷ ይከፈታል። ይህችን ሴት ከየት አገኘሻት።»

እስከ አምባ ስምንት ያለው መንገድ ጭቃ ነው፣ በእግሬ ገባሁበት። የሺሀረግ ከሩቅ ስታየኝ ከእናቷ ጋር ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ካለፈው ወዲህ ቃል አልተነጋገርንም። ወረቀቱን ዘረጋሁላት። አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ከዚያ ጮኸች፤ የአምባው ውሻ ሁሉ ጮኸ። አንገቴን አንቃ አዞረችኝ፣ እናቷ እልል አለች፣ የሻው ከክፍሉ ጠመኔ እንደያዘ ሮጦ ወጣ።

«ይቅር ብያለሁ አላልኩም» አለችኝ በጆሮዬ፣ አሁንም አንገቴን እንደያዘች።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ስትለቀኝ አንድ እግሬ ጫማ የለውም። ጭቃው ውጦታል። ሰው ሁሉ የሺሀረግን ከቦ ሲስማት እኔ ተንበርክኬ፣ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ጫማዬን እፈልጋለሁ፤ ደስ ብሎኛል፣ በእውነት ደስ ብሎኛል፣ ዓይኔም እንባ አቅርሯል። ያችን ቃል ግን ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም። ሁሉንም ይበልጣል ይላል። የእኔን መቼ አነበበውና!